እግዜርን ካኮረፋችሁም ደጁ ላይ ሆናችሁ አኩርፉ

እናቴ ስኳር ነበረባት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እሷን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። የያዝነው ኢንሱሊን መንገድ ላይ አለቀ። ሌላ ፍለጋ የዞርነውን መዞር እኔና እግዜር እናውቃለን። ከተማው ሲረጋጋ ተመለስን፤ የእሷ ሰውነት ግን ከዚያ ወዲያ አላገገመም። ታኅሣሥ ላይ ቀበርናት።

ከቀብሩ በኋላ አራት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። እግዜር የለም ብዬ አይደለም። አለ፤ ችግሩም እሱ ነበር። ሰው ጎረቤቱን እንደሚያኮርፈው አኮረፍኩት። የሰፈራችንን ደብር ላለማየት ስል ታክሲ መያዣ መንገዴን ሁሉ ቀየርኩ።

አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ቤት ድረስ መጡ። ቡና ጠጡ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። አልገሠጹኝም። ሊወጡ ሲሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ ማኩረፉን አኩርፊ፤ ግን ደጁ ላይ ሆነሽ አኩርፊ» አሉኝ። በዚያው ሄዱ።

ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከታች ያለው፣ በሐዘን ጊዜ ከእግዜር ደጅ ሳይርቁ የመቆያ አሠራር በሙሉ የወጣው ግን ከዚያች ንግግር ነው። የነገረ መለኮት ትምህርት የለኝም። ለእኔ የሠራልኝን፣ በዙሪያዬም ላሉ ሐዘንተኞች ሲሠራ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ቃሉና ልማዱ የእኛ ነው። የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን የሚበጀውን ይውሰድ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች ጥቂት ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ዳዊት፣ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ እና የማይለፈልፍ አንድ ሰው። ከአራቱ ውዱ የመጨረሻው ነው።

1. መጀመሪያ ብሉ፣ ተኙ፤ ስለ እምነታችሁ ምንም አትወስኑ

ነቢዩ ኤልያስ ሞትን በለመነ ቀን ምን እንደተደረገለት አስታውሱ። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ አለ። ክትክታ ሥር ተጋድሞ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ መጥቶ ስብከት አልሰበከውም። ቀሰቀሰውና ብላ አለው። እንጎቻና ውኃ ራስጌው ተቀምጦ ነበር። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ደግሞ መጥቶ ቀሰቀሰው፣ አሁንም ብላ አለው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምግብ ነው። እኛ ወሎ ለዚህ ቅሬ አለን፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይመጣል፣ እንጀራው ይመጣል። ሐዘንተኛ ላይ የማየው ትልቁ ጥፋት «አልፈልግም፣ አልበላም» ብሎ ይህን መግፋት ነው። አትግፉ። ሦስት ጉርሻም ቢሆን ጉረሱ። ከቅርብ ሰዎቻችሁ አንዱን ጥሩና «ምግቤንና እንቅልፌን አንተ ተቆጣጠር» በሉት።

ሁለተኛው ሥራ አለመወሰን ነው። ሐዘንና ድንጋጤ ትኩስ እያሉ ሰው ሁለት ዓይነት መሐላ ይምላል። አንዱ «ከእንግዲህ እግዜር የሚባል ነገር እንዳትጠሩብኝ» ይላል። ሌላው «ከዛሬ ጀምሮ ዓለም በቃኝ፣ ገዳም ነው የምገባው» ይላል። ሁለቱንም አርባው እስኪወጣ አቆዩዋቸው። ሞት ያልሆነ መከራም ቢሆን፣ በሽታ ይሁን መፈናቀል ወይም የንግድ ኪሳራ፣ አርባ ቀን ቁጠሩለት። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የእናቴን ዳዊት ለሰው ልሰጥ ነበር። እህቴ ደበቀችብኝ። እግዜር ይስጣት።

2. የሰውን ማጽናኛ በወንፊት አሳልፉት

ልቅሶ ቤት ብዙ ይባላል። «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል፤ ተቀበሉት። «ነፍስ ይማር» ይባላል፤ እሱንም ተቀበሉት። አጠገባችሁ ተቀምጦ ምንም ሳይል የሚያመሽ ሰው ካለ እሱን ደግሞ በሁለት እጅ ያዙት።

«እግዜር የሚወደውን ነው የሚቀጣው» የሚል ይመጣል። ክፋት የለውም፤ ግን ሰዓቱ አይደለም። ለጊዜው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።

«ቤታችሁ ውስጥ አንድ ያልተናዘዘ ነገር አለ» የሚል ደግሞ አይጠፋም። እኛ ቤት ሰልስቱ ዕለት አንድ ሰው ይህንኑ በጆሮዬ አንሾካሾከልኝ። ይህን ዓይነቱን ወንፊቱ ላይ አስቀሩት። ጌታችን ራሱ መልሶታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁት፣ እሱም አልሠራም ወላጆቹም አልሠሩም አላቸው። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ነው። ቁጥሩን ያዙት፣ ይጠቅማችኋል።

የኢዮብን ወዳጆች ሰው ሲያማቸው እሰማለሁ። እኔ ግን ለመጀመሪያው ሳምንታቸው አከብራቸዋለሁ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ጎበዝ ለቀስተኞች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ኢዮብን ጥፋተኛ አደረጉት። መጨረሻው ላይ፣ ምዕራፍ 42፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጠበቆቹ። ቅን ነገር የተናገረው ባሪያዬ ኢዮብ ነው አለ። የተወለደበትን ቀን የረገመው፣ ፍርድ ቤት እንቅረብ ብሎ የሞገተው ኢዮብ!

ለእንዲህ ዓይነት ሰው አንድ መልስ አዘጋጁና እሷኑ ደጋግሙ። የእኔ ይቺ ነበረች፦ «ስለ ጸሎትዎ እግዜር ይስጥልኝ፤ ምክንያቱን ግን ለእሱው እንተወው።» ትሠራለች። ሰውየው ቅር ሳይለው ዝም ይላል።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም። ወሎ ይህን ጥያቄ ዛሬ አልጀመረውም። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ረሃብ ያለቁት ሰዎች ከእኔ አብልጠው የሚጾሙና የሚጸልዩ ነበሩ። አክስቴ በሰባ ሰባት ኮረም መጠለያ ነበረች። ሁለት ልጆቿን እዚያ ቀብራለች። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ለምን ይመስልሻል?» አልኳት። «ዝናብ ቀረ። ጦርነት ነበር። መንግሥት ዘገየ» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች። «እግዜርስ?» ስላት ጥቂት ዝም ብላ፣ «እሱማ እዚያው ከእኛ ጋር ተርቦ ነበር» አለችኝ። ማቴዎስ 25ን፣ ጌታ «ተርቤ» የሚልበትን፣ አንብባ ይሁን ሰምታ አላውቅም። ፊደል አልቆጠረችም።

ከአክስቴ የተማርኩት አሠራር ይህ ነው። ሰው ያደረሰውን በሰው ስም፣ ሰማይ ያደረሰውን በሰማይ ስም ጥሩት። የመድኃኒት እጦትን «የእግዜር ፈቃድ» ብሎ መሸፈን እምነት አይመስለኝም።

3. አቤቱታችሁን አቅርቡ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

«አቤቱታ» የምንለው ቃል የመጣው ከጩኸት ነው። ድሮ የተበደለ ሰው ከጌታው ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። ጌታው እስኪሰማው ቀናትም ወራትም እዚያው ይጠብቃል። ደጅ ጥናት የሚባለው ይህ ነው። ደጅ የሚጠና ሰው ተበድሏል፣ ከፍቶታል፣ ምናልባትም ተቆጥቷል። ግን አልሄደም። አሁን ዳዊትን ክፈቱና ስንቱ መዝሙር «አቤቱ» ብሎ እንደሚጀምር እዩ። ያው ጩኸት ነው። የንስሐ አባቴ «ደጁ ላይ ሆነሽ» ያሉኝ ለካ ቀልድ አልነበረም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የመዝሙራት ቁጥር ያምታታል። በግእዙ ዳዊትና በብዙው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መካከል ብዙ ቦታ ላይ የአንድ ልዩነት አለ። የአማርኛው 13ኛ በግእዙ 12ኛ ነው። 22ኛው 21፣ 88ኛው 87 ይሆናል። እኔ የምጽፈው በአማርኛው ነው።

ለጀማሪ የምሰጠው 13ኛውን ነው። በጣም አጭር ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» ብሎ ይጀምራል። «ደህና ነህ ወይ» የለ፣ መግቢያ የለ። ሁለት ሦስት ቀን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከዚያ ደብተሩን አውጡና የራሳችሁን ጻፉ። አካሄዱ አራት ነገር ነው።

መጀመሪያ ጥሩት። «አቤቱ» በቂ ነው። አምላኬ ማለት አፋችሁን ከያዛችሁ «አቤቱ» ብቻ በሉ።

ቀጥሎ ነገሩን በዝርዝር ንገሩት። እሱ ያውቀዋል ብላችሁ አትዝለሉት። ለዳኛም እኮ ቀኑንና ቦታውን ነው የምንናገረው። «አዝኛለሁ» ብሎ መጻፍ ብዙም አያሻግርም። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «አቤቱ፣ ማክሰኞ ማታ መርፌው አለቀ። ሦስት መድኃኒት ቤት አንኳኳሁ። ሦስቱም ዝግ ነበሩ። እሷ 'አይዞሽ፣ ውኃ ስጪኝ' አለች። ያኔ የት ነበርክ?»

ሦስተኛ፣ የምትፈልጉትን ጠይቁ። በግልጽ። «እንድተኛ አድርገኝ።» «ልጄ ከሄደበት ይደውልልኝ።» «የሚቀጥለውን ወር ኪራይ ስጠኝ።» ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ።

አራተኛ፣ አቁሙ። አሜን በሉና ደብተሩን ዝጉ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትቀመጡ ወይ ራሳችሁን መክሰስ ትጀምራላችሁ ወይ ቃል ማሳመር።

ማሳመር ስል፣ ትልቁ ስሕተት እሱ ነው። ስንጽፍ መጨረሻ ላይ «ግን ሁሉም ለበጎ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ራሷን ትጥላለች። ልባችሁ ያላለውን አትጻፉ። 13ኛው መዝሙር «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ወደሚል ይደርሳል። ደስ ይላል። እናንተ እዚያ ካልደረሳችሁ 88ኛውን አንብቡ። እሱ መጨረሻው ድረስ ጨለማ ነው፤ የመጨረሻዋ መስመር እንኳ አትበራም። ቅዱሳን አባቶች ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጡትም። በዜማ ሲደግሙት ኖረዋል።

ሌላው ስሕተት ደብተሩን ለሰው ማሳየት ነው። ፌስቡክ ላይማ ጨርሶ። ላይክ መቁጠር ከጀመራችሁ አቤቱታው አድራሻውን ለወጠ ማለት ነው።

ለጎዷችሁ ሰዎች ክፉ መመኘት ቢመጣባችሁስ? ይመጣል። ዳዊትም ጽፎታል። እዚያው ደብተሩ ላይ ለእሱ ንገሩት፤ ፍርዱን እዚያው ተዉት። መንገድ ላይ ይዛችሁት አትውጡ። ወሎ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ገና ብዙ ዘመን አብሮ ይኖራል።

ገበሬ ከሆናችሁ ደግሞ የእናንተው መዝሙር አለ። ዕንባቆም ምዕራፍ 3፣ ከቁጥር 17 ጀምሮ። በለሱ ባያፈራ፣ እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በጉ ከበረት ቢጠፋ ብሎ አንድ በአንድ ይቆጥራል። የበልግ ዝናብ የቀረበት የደላንታ ወይም የዋድላ ገበሬ የጻፈው ነው የሚመስለው። ኪሳራውን ቆጥሮ ሳይጨርስ «እኔ ግን» አይልም። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

ይህ ሁሉ ድፍረት መስሎ የሚያስፈራው ሰው ካለ ስቅለትን ያስብ። ጌታ መስቀል ላይ ሆኖ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ያለው የ22ኛውን መዝሙር መጀመሪያ ነው።

4. ጸሎታችሁን አሳንሱት፣ ግን ሰዓት ስጡት

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት። እናቴ አራቱን ትይዝ ነበር። እኔ በሐዘኔ ሰሞን አንዱንም አልቻልኩም። ያልቻልኩትን እያሰብኩ ደግሞ የምችለውን ተውኩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አንድ አቡነ ዘበሰማያትና ሦስት ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ያዙ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰዓቱን ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። ወሎ ውስጥ የማይቀር ነገር ቡና ነው። አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት አማትቡና በሉት። የቡናው ሱስ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለ ሰው ማማተብ ብቻ ይበቃዋል። ማንበብ ያቃተው ወይም ዓይኑ የደከመ ልጅ አስቀምጦ ያስነብብ፤ ስልክ ላይም ተቀርጾ አለ። አቅም ሲመለስ ውዳሴ ማርያም ጨምሩ። ለሰባቱ ቀናት ተከፍሏል፣ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ነው።

ጾምን በተመለከተ ራሳችሁን አትዳኙ። ሕመምተኛ ከሆናችሁ ወይም ሐዘኑ ምግብ ከዘጋባችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ከምግብ ጋር የታዘዘ መድኃኒት በባዶ ሆድ አትዋጡ።

5. መግባት ካቃታችሁ ተሳልማችሁ ሂዱ

ይህ የአገራችን ትልቁ ጥበብ ይመስለኛል። ወደ ውስጥ ለመግባት ልቡ ያልቻለ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ፣ አማትቦ፣ በሩን ስሞ ይሄዳል። ማንም «ምነው አትገባም?» አይለውም። ኩርፊያችሁን ይዛችሁ እዚያ በር ላይ መቆም ትችላላችሁ። እኔ የጀመርኩት በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ገበያ ስወርድ ነው። ግማሽ ደቂቃ። አንዳንዱ ቀን አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ብቻ ሄድኩ።

ወደ ውስጥ የገባሁት ሰሙነ ሕማማት ላይ ነው፣ ሚያዝያ 2014። አስቤበት አልነበረም። ግን ለሐዘንተኛ መመለሻ ከዚያ የተሻለ ሳምንት የለም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ልቅሶ ላይ ናት። መጋረጃው ጥቁር ነው። ሰው አይሳሳምም፤ መስቀል እንኳ አይሳለሙም። ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለይለታል። ማንም ፈገግ በሉ አይላችሁም። ስገዱ ነው የሚባለው። ሰገድኩ። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝና ሶፍት አቀብለውኝ ስግደታቸውን ቀጠሉ።

እናንተ በሌላ ወር ላይ ከሆናችሁ ቀን ፈልጉ። የሰፈራችሁ ደብር ወርኃዊ በዓል አለው። አቅምና ገንዘብ ካለ መስከረም 21 ግሸን አለ። ግማደ መስቀሉ ያለበት ያ አምባ ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው። ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሽ ለማጉረምረም አይተርፍም፣ ሰውም እየተደጋገፈ ነው የሚወጣው። ጉልበት የሚያማችሁ ግን አትሞክሩት። የሰፈራችሁ በር ይበቃል።

6. እምነት ሲያልቅባችሁ ከሰው ተበደሩ

ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ አንድ ሽባ ሰው አለ። አራት ሰዎች ተሸክመውት ጣሪያ ነድለው አወረዱት። ወንጌሉ ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው። ስለ ሽባው እምነት የተጻፈ ነገር የለም። የተኛ ሰው በተሸከሙት ሰዎች እምነት ደረሰ።

ስለዚህ ከማኅበራችሁ ወይም ከሰንበቴያችሁ አትቅሩ። ካልቻላችሁ ተረኛዋ ቤት መልእክት ላኩ። «ጸልዩልኝ» ብቻ ካላችሁ ሰው «እሺ» ብሎ ይረሳል። ሥራ ስጡት፦ «እስከ ጥምቀት ድረስ በየማታው ስሜን ጥራልኝ፣ እኔ መጸለይ አልቻልኩም።» የክርስትና ስማችሁን ንገሩት።

ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ ትልቅ ሴት። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ቤታችን አድረዋል። ሃይማኖታችን ሁለት እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ አንዳችን የሌላችንን ለመንካት ሞክረን አናውቅም። ቡና ሲፈላ ግን «አብሽሪ ልጄ፣ እሱ አይረሳሽም» ይሉኛል። በአራቱ ወራት ውስጥ የእግዜርን ስም ሳልበሳጭ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ብቻ ነበር። ዝናብ ሲቀር ካህናቱ ታቦት ይዘው ምህላ፣ ሼሆቹ ደግሞ በበኩላቸው ዱዓ ሲያደርጉ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም።

7. ጸበሉንም ሐኪሙንም

ሁለቱን አታጣሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር፤ ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ ላይ እንዲያ ብሎ ነው የሚጠራው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለዚህ ጸበል ጀመርኩ ብሎ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ማቋረጥ የለም። «መድኃኒቱን ጣል፣ እምነት ካለህ ትድናለህ» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሙት። በስልክ ገንዘብ አስልኮ ትንቢት የሚናገረውንም እንደዚያው።

ሐዘን ራሱ ሕመም የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ ጨርሶ ካልተመለሰ፣ መነሣት፣ መታጠብ፣ ልጅ ማየት ካቃተ፣ ሐኪም ጋ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። እንዲህ ያለውን ሰው የሰማ ሰው ለብቻው አይተወው፤ ገመዱን፣ መርዙን፣ መሣሪያውን ከቤት ያርቅ፣ ይዞት ሆስፒታል ይሂድ። ካህኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

8. የሌላ ሰው ልቅሶ ላይ ጀበና ጣዱ

አጭር ናት። መናገር አይጠበቅባችሁም። ውኃ ቅዱ፣ ብርጭቆ እጠቡ፣ ወንበር አውርዱ። አፋችሁ የዘጋውን ነገር እጃችሁ ይሠራዋል። እኔ ከስድስት ወር በኋላ ነው የቻልኩት። እናንተ ካልቻላችሁ ጊዜ ስጡት።

9. ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ደብተሩ አንድ ወር አቧራ ይጠጣል። ቡናው ያለ ጸሎት ይቀዳል። በሩን ሳትሳለሙ ታልፋላችሁ። ያን ጊዜ ያለፈውን ለመክፈል አትሞክሩ። የ30 ቀን ጸሎት በአንድ ማታ ልወጣ የሚል ሰው በማግስቱም ይደክመዋል። የተወዘፈ ዕዳ የለም። ከዛሬዋ ሁለት ደቂቃ ጀምሩ።

«እምነቴ ጠፋ መሰለኝ» ካላችሁ በማርቆስ ምዕራፍ 9 ያለው አባት የጮኸውን ጩኹ። ልጁ ታሞበት ነበር። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ጌታም መጀመሪያ እምነትህን አስተካክልና ና አላለውም፤ ልጁን አዳነለት።

እኔ ባለፈው የነነዌ ጾም ሰሞን አሥራ አንድ ቀን አቋርጬ ነበር። የእናቴ ልደት አለፈ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር አስጠላኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቦሉ ሳይቀዳ ደብተሩን አወጣሁ። ብዙ የምጽፍ መስሎኝ ነበር። የጻፍኩት ሁለት ቃል ነው፦ «አቤቱ፣ መጣሁ።» ከዚያ ቡናው ገነፈለብኝ።